አርባ በመቶው ደን፦ ስለ አገራችን መልክዐ ምድርና አራዊት አጻጻፍ ከወልድያና ከሀብሩ አንጻር የቀረበ ሂስ

፩. የጽሑፉ ዓላማ

ስለ አገራችን መልክዐ ምድርና የዱር አራዊት በአጭሩ የሚያስረዱ መጻሕፍትና የትምህርት መምሪያዎች ብዙ ናቸው። ጸሐፊዎቻቸው የተለያዩ ቢሆኑም አካሄዳቸው ግን የአንድ ሰው ሥራ ይመስላል። በመጀመሪያ ኢትዮጵያ ወደብ የሌላት አገር መሆኗን ይናገራሉ፤ ቀጥለው ስፋቷ 1.1 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል መሆኑን ይገልጻሉ፤ ከዚያም ከራስ ደጀን ጫፍ ተነሥተው ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ እስከሚለው የዳሎል ሜዳ ድረስ አንባቢውን በአንድ እስትንፋስ ያወርዱታል። ስለ አራዊት ሲደርሱ ዋልያን፣ ቀይ ቀበሮንና ጭላዳን ይቆጥራሉ። በመጨረሻም ከመቶ ዓመት በፊት የአገሪቱን 40 በመቶ ሸፍኖ የነበረው ደን ወደ 3 ወይም ወደ 4 በመቶ መውረዱን ጠቅሰው፣ ጥፋቱን በገበሬው ላይ ጥለው ይዘጋሉ።

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው ይህንኑ አካሄድ ነው። አንድን ጸሐፊ ለይተን ለመንቀፍ አልተነሣንም፤ አጭር መጽሐፍ ሁሉን ሊይዝ እንደማይችል እናውቃለንና። ጥያቄያችን እነዚህ መጻሕፍት የሚሉት ነገር በአንድ የታወቀ ቦታ ላይ ሲፈተን ይቆማል ወይስ አይቆምም? የሚል ነው።

ለመፈተኛ የመረጥነው ከወልድያ ከተማ እስከ መርሳና እስከ ሀብሩ ቆላ ድረስ ያለውን የሰሜን ወሎ ክፍል ነው። ምርጫው ያለ ምክንያት አይደለም። ወልድያ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በደጋው ግርጌ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከእርሷ በስተ ምዕራብ መንገዱ በድልብ አድርጎ ወደ ጋሸና ብርድ ይወጣል፤ በስተ ደቡብ በስሪንቃ በኩል ወደ መርሳ ይወርዳል፤ ከመርሳ በስተ ምሥራቅ ደግሞ መሬቱ እየሞቀና እየደረቀ ሄዶ ከአፋር ሜዳ ጋር ይገናኛል። ስለዚህ መጻሕፍቱ በአንድ አንቀጽ የሚያልፉት ውርጭ፣ ደጋ፣ ወይናደጋና ቆላ እዚህ በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ ይገኛል። ከዚህም በላይ በ1965–66 እና በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ምክንያት ስሙ በዓለም ሁሉ የተሰማው ወሎ ነውና፣ የተራቆተ አገር ሲባል የብዙ አንባቢ አሳብ የሚሄደው ወደዚሁ ነው።

፪. ወደብ የሌላት ስለ መባሏ

መጻሕፍቱ የአገሪቱን ወደብ አልባነት ከተራራውና ከወንዙ ጋር አንድ ላይ ይዘረዝሩታል። ነገር ግን ወደብ ማጣት እንደ ተራራ ከጥንት የተተከለ ነገር አይደለም። በ1945 ዓ.ም. ኤርትራ በፌዴሬሽን ስትዋሐድ ምጽዋና አሰብ የአገሪቱ ወደቦች ሆኑ፤ በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ነጻ መንግሥት ስትሆን ኢትዮጵያ የባሕር ዳርቻዋን አጣች፤ በ1990 ዓ.ም. ጦርነት ሲነሣ ደግሞ በአሰብ መጠቀም ቀረ። ይህ የመንግሥታት ታሪክ ነው። የተፈጥሮውን ነገር ማወቅ የሚፈልግ ሰው ማየት ያለበት ውሃው ወዴት እንደሚፈስ ነው።

ከወልድያ በስተ ምዕራብ በሚገኘው ደጋ ላይ የሚዘንበው ዝናብ በተከዜና በበሽሎ አድርጎ ወደ ዓባይ ይገባል፤ ከዚያም ሱዳንንና ግብፅን አቋርጦ ሜዲትራኒያን ባሕር ይደርሳል። በምሥራቁ ገደል የሚወርደው ውሃ ዕድሉ ሌላ ነው። ሀብሩን በደቡብ የሚያዋስነው የሚሌ ወንዝ ወደ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም ከባሕር ሳይደርስ በአፋር በረሓ በአቤ ሐይቅ ውስጥ ያልቃል። ስለዚህ የሀብሩ ውሃ ምጽዋና አሰብ የእኛ በነበሩበት ዘመንም ቢሆን ወደ ባሕር የሚያደርስ መንገድ አልነበረውም። አንዱ ተራራ ዝናቡን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ወደ ሩቅ ባሕር፣ ግማሹን ወደ ጨው ምድር ይልካል። አንድ ተማሪ ይህን ቢማር ስለ አገሩ አቀማመጥ ከአንድ ገጽ አኃዝ የበለጠ ይረዳል ብለን እናምናለን።

ለሰውና ለዕቃም ቢሆን ነገሩ ቃሉ እንደሚያስመስለው የተዘጋ አይደለም። ከወልድያ ወደ ምሥራቅ የሚወጣው መንገድ በጭፍራ አድርጎ ሚሌ ላይ ከጅቡቲ መንገድ ጋር ይገጥማል። በ2007 ዓ.ም. ሥራው የተጀመረው ከአዋሽ በኮምቦልቻ በኩል የሚመጣው የባቡር ሐዲድም መድረሻ የተደረገለት በወልድያ አጠገብ ያለው ሐራ ገበያ ነው። የአገሪቱ የወጪና የገቢ ንግድ አብዛኛው በጅቡቲ በኩል እንደሚያልፍ የታወቀ ነውና፣ ለዚህ አካባቢ ሰው የወደብ ጥያቄ የሚታየው ከባሕር ዳርቻ ይልቅ በቆላው መንገድ ደኅንነት ነው።

፫. አርባ በመቶው ከየት መጣ?

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ከመቶ ዓመት በፊት 40 በመቶ ደን ነበረ የሚለው አነጋገር በትምህርት መምሪያ፣ በመንግሥት ዘገባና በውጭ አገር ጸሐፊዎች ሥራ ሁሉ ይገኛል። ነገር ግን በመጀመሪያ ማን ለካው ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልስ አያገኝም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የአገሪቱን ደን የቆጠረ ቀያሽ አልነበረም፤ ከአየር ላይ ፎቶግራፍ የሚያነሣም አልነበረም። ደግሞም መቶ ዓመቱ ከመጽሐፉ ጋር ይጓዛል፤ አንዱ ጸሐፊ ከታተመበት ቀን ወደ ኋላ መቶ ዓመት ይቆጥራል፣ ከ20 ዓመት በኋላ የሚጽፈውም ከራሱ ቀን ተነሥቶ እንደዚያው መቶ ዓመት ይቆጥራል፤ 40 በመቶው ግን አይለወጥም።

ሃልቮር ቮየን የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጡት ጽሑፍ ይህን ዓይነቱን አኃዝ ተከታትለው፣ አንዱ ጸሐፊ ሌላውን፣ ሌላውም ሦስተኛውን እየጠቀሰ የሚሄድ እንጂ በልኬት ላይ የቆመ አለመሆኑን አሳይተዋል። ስለ ሰሜን ወሎ ገጠር ታሪክ ቀደም ብለው መጽሐፍ የጻፉት የታሪክ ሊቅ ጄምስ ማካን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1997 ስለ ማረሻና ስለ ደን በጻፉት ጽሑፍ፣ የመንገደኞችን ማስታወሻና ሌላውን የታሪክ ምንጭ መርምረው አኃዙ መሠረት እንደሌለው አስረድተዋል።

በርግጥ ከአየር ጠባዩና ከዝናቡ ተነሥቶ ደን ሊበቅልበት ይችል የነበረውን መሬት መገመት ይቻላል። ነገር ግን ሊበቅል ይችል ነበር ማለትና በምኒልክ ዘመን በቅሎ ነበር ማለት ልዩ ልዩ ነገር ነው። በዚህ አገር እርሻ የብዙ ሺህ ዓመት ዕድሜ አለው። የዛሬውን የራያንና የየጁን አካባቢ ይጨምር በነበረው በአንጎት በኩል በ1520ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያለፈው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የጻፈው ስለሚታረስ መሬትና እርሻውን ስላጠፋ አንበጣ ነው። እንግዲህ በዚህ ምድር ደን የተመነጠረው ሁሉ በአያቶቻችን ዘመን ነው ብሎ ለመናገር የሚያስደፍር ማስረጃ የለም።

ለዛሬው አኃዝም ቢሆን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ለብዙ ዘመን 3 ወይም 4 በመቶ ሲባል የኖረው የደን ስፋት በቅርብ ዓመታት በመንግሥት ዘገባ ከ15 በመቶ በላይ ሆኖ ተጽፏል። ይህ የሆነው በአንድ ሌሊት ደን በቅሎ አይደለም፤ ደን የሚለው ቃል ትርጕሙ ስለ ተለወጠ ነው። በአዲሱ ትርጕም ከግማሽ ሄክታር ያላነሰ ስፋት፣ 2 ሜትር ቁመትና 20 በመቶ የቅጠል ጥላ ያለው መሬት ሁሉ ደን ይባላል፤ በዚህም ምክንያት የቆላው ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦና ግራር ከቁጥር ገብቷል። ስለዚህ የአንዱን ትርጕም 40 በመቶ ከሌላው ትርጕም 3 በመቶ ጋር አነጻጽሮ መውቀስ በቁናና በእንቅብ የተሰፈረን እህል እንደ ማነጻጸር ነው።

በወሎ ላይ ደግሞ የተለየ ምርመራ ተደርጓል። ዶናልድ ክረሚ የተባሉት የኢትዮጵያ ታሪክ ተመራማሪ በኢጣልያ ወረራ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1937 የተነሡ ፎቶግራፎችን ይዘው በ1997 ወደነዚያው ቦታዎች ሄደው እንደገና ፎቶግራፍ በማንሣት ሁለቱን አስተያዩ። ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ1998 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ አወጡ። ያገኙትም በብዙዎቹ ቦታዎች ከ60 ዓመት በኋላ የዛፉ ቍጥር መብዛቱን እንጂ ማነሱን አይደለም። የጨመረውም ዛፍ በአብዛኛው ገበሬው ራሱ በደጁ የተከለው ባሕር ዛፍ ነው።

ይህ ሥራ የሚመሰገን ነው፤ በመላምት ፈንታ ማስረጃ አቅርቧልና። ሆኖም እኛ ሁለት ነገር እንጨምርበታለን። አንደኛ፥ ፎቶግራፍ አንሺ የሚቆመው አብዛኛውን ጊዜ መኪና ወይም በቅሎ ባደረሰው ቦታ ነውና፣ ከመንገድ የራቀው ገደልና ሸለቆ በሥዕል አይገባም። ሁለተኛ፥ ዛፍ ሁሉ ደን አይደለም። ባሕር ዛፍ በ1890ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወደ አገራችን የገባ ነው፤ ለቤት ማገርና ለማገዶ ይጠቅማል፤ በሥሩ ግን ሣር እምብዛም አይበቅልም፣ ለሚዳቋና ለጅግራም እንደ ጥድና እንደ ወይራ መጠለያ አይሆንም። ስለዚህ ዛፉ በዛ የሚለው መልስ ገበሬውን ከወቀሳ ያወጣው ይሆናል እንጂ አራዊቱ የት ሄዱ ለሚለው ጥያቄ መልስ አይሰጥም።

፬. አኃዙ ያደረሰው ነገር

አንድ አንባቢ፥ አኃዙ ቢሳሳት ምን ጉዳት አለው? ሊለን ይችላል። ጉዳቱ የሚታየው በወረቀት ላይ ሳይሆን በመሬት ላይ ነው። ጥፋቱ የገበሬው ነው ተብሎ ከተወሰነ፣ መድኃኒቱ ገበሬውን መከልከል ወይም ከቦታው ማንሣት ይሆናል። በወሎ የሆነውም ይኸው ነው።

ከ1970ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ በምግብ ለሥራ መርሐ ግብር ሕዝቡ ስንዴና ዘይት እየተቀበለ ብዙ እርከን ሠራ፤ ተራራው እየተከለለ ከብት እንዳይገባበት፣ እንጨት እንዳይቆረጥበት ተደረገ። ሥራው ራሱ መልካም ዓላማ ነበረው። ነገር ግን ክልሉ የት ይሁን ተብሎ ባለ መሬቱ አልተጠየቀም፤ እርከኑ ለበሬ መዞሪያ እንደሚከለክል፣ የእርሻውን ስፋት እንደሚቀንስና የአይጥ መጠለያ እንደሚሆን ሲናገር የሰማው አልነበረም። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በብዙ ቦታ ክልሉ ተመነጠረ፣ እርከኑም ፈረሰ። ይህን የሚያዩ ሰዎች ገበሬው የራሱን ጥቅም አያውቅም አሉ። እኛ ግን የምናየው ሳይጠየቅ የተሠራለት ሰው ሳይጠየቅ ማፍረሱን ነው።

ከዚህ የከበደው ሰፈራው ነው። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ 600,000 የሚሆን ሕዝብ ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ ተወሰደ። ከቀረቡት ምክንያቶች አንዱ የሰሜኑ መሬት ደክሟል፣ ሰው መሸከም አይችልም የሚል ነበር። አንድ መሬት ሰው መሸከም አይችልም ለማለት ግን አስቀድሞ ሊለካ ይገባ ነበር። ስለ አፈር መሸርሸር የተጻፈውን ብንመለከት ለልኬትና ለግምት ያለው ልዩነት ይታያል። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣው የደጋ ጥናት፣ ከሚታረስ መሬት በዓመት በሄክታር 130 ቶን አፈር እንደሚታጠብ ተገምቶ ነበር። ከ1981 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በደሴ አቅራቢያ በማይባርና በሌሎች ጣቢያዎች በእርሻው ላይ ቆሞ የለካው የአፈር ጥበቃ ምርምር ግን 42 ቶን ያህል አገኘ። አርባ ሁለት ቶንም ቢሆን ብዙ ነው፤ የመሬት መራቆት የለም ለማለት አልተነሣንም። ከወልድያ እስከ መርሳ በመንገዱ ግራና ቀኝ ያለውን ቦረቦር ያየ ሰው እንዲህ ሊል አይችልም። ነገር ግን ግምቱ የልኬቱን ሦስት እጥፍ ሲሆን፣ በግምቱ የሚፈረድበት ሰው ተበድሏል እንላለን።

ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ከእ.ኤ.አ. 1958 እስከ 1977 በገጠር ስለ ደረሰው ረኃብ በጻፉት መጽሐፍ፣ ረኃብን የሚያመጣው የዝናብ መጥፋት ብቻ ሳይሆን ገበሬውን ያለ ጥሪት የሚያስቀረው ሥርዓት መሆኑን ተከራክረዋል። የመልክዐ ምድር መምህር ሆነው ጥፋቱን ሁሉ በመልክዐ ምድሩ ላይ አለመጣላቸው ለእኛ ትልቅ ትምህርት ነው። ስለ ሰሜን ወሎ የሚጽፍ ሰው ሁሉ ይህን መጽሐፍ አጠገቡ ማኖር ይገባዋል።

፭. ስለ አራዊቱ

በሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን የአፍሪካን አራዊት የተማርነው ከውጭ ከመጡ መጻሕፍት ነበር። በውስጣቸውም ቀጭኔ፣ የሜዳ አህያ፣ ዝሆንና አንበሳ ነበሩ። የአገር ውስጦቹ መጻሕፍት ይህን ሲያርሙ ዋልያንና ቀይ ቀበሮን ተኩ። መሻሻሉ ግልጽ ነው፤ ዘዴው ግን አልተለወጠም፤ ዛሬም የሚቆጠረው ብርቅ የሆነው ብቻ ነው። ዋልያ ከሰሜን ተራሮች በቀር አይገኝምና የሀብሩ ልጅ በዚህ ምዕራፍ ውስጥ ስለ አካባቢው አንድም ነገር አያነብም።

ነገር ግን አገሩ ባዶ አይደለም። ከወልድያ በስተ ምዕራብ በላስታ ከ4,200 ሜትር በላይ በሚደርሰው በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ ቀይ ቀበሮ አለ፤ በዓለም ላይ የቀረው ለአካለ መጠን የደረሰ ቀይ ቀበሮ ከ500 እንደማይበልጥ ስለሚነገር ይህ ቀላል ሀብት አይደለም። በገደሉ ጭላዳ ሣር ይነጫል። በቆላው ሌላ ዝንጀሮ፣ ከርከሮ፣ ጃርትና ሚዳቋ ይገኛሉ።

ከሁሉ የሚያስገርመን የአህያ ነገር ነው። በመርሳ ገበያ ቀን እህልና ጨው ተጭኖ የሚመጣው በአህያ ነው፤ ኢትዮጵያም በአህያ ብዛት ከዓለም የመጀመሪያዎቹ ረድፍ ውስጥ ናት። የዚህች እንስሳ የዘር ምንጭ የአፍሪካ የዱር አህያ ናት። እርሷም ከሀብሩ በስተ ምሥራቅ በሚጀምረው በአፋር ምድር በጥቂቱ ትገኛለች፤ በአፋር ያንጉዲ ራሳ ብሔራዊ ፓርክ የታሰበው በተለይ ለእርሷ ሲባል ነበር። በዓለም የቀሩት ጥቂት መቶዎች ብቻ ናቸው። በሚሊዮን የሚቆጠረው የጭነት አህያ በጠፋ ዘሩ ጎረቤት ሲኖር ይህን ለተማሪው የሚነግረው መጽሐፍ የለም።

ጅብም እንዲሁ ነው። መጻሕፍቱ ጅብን እንደ ተራ ነገር ያልፉታል። በትግራይ ግደይ ይርጋና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጡት ጥናት ግን በዐቢይ ጾም ሥጋ ቤቶች ሲዘጉና የዕርድ ትርፍራፊ ሲጠፋ ጅቡ ወደ አህያ አደን እንደሚያዘነብል አሳይቷል። አውሬው የሚኖረው በሰው የጾም አቆጣጠር ነው ማለት ነው። በሀብሩና በወልድያ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አብሮ ስለሚኖር ሥጋ ቤቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ አይዘጋም። እንግዲህ የዚህ አገር ጅብ በሁዳዴ ምን ይበላል? ይህ ጥያቄ ብቻውን ለአንድ ተማሪ የመመረቂያ ሥራ ይበቃል።

በመጨረሻ ስለ ክንፋሞቹ እንናገር። በዚህ አካባቢ ታሪክ ከአንበሳና ከነብር ይልቅ ሰውን የጎዳው አንበጣ ነው። አልቫሬዝ በአንጎት ካየው መንጋ ጀምሮ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሀብሩና በራያ ቆቦ ቆላ ጤፍና ማሽላ እስካጠፋው መንጋ ድረስ አምስት መቶ ዓመት ነው። ግሪሳም አለ። ገበሬው ማሽላው እሸት ሲይዝ ማማ ሠርቶ፣ ልጆቹን ወንጭፍ አስይዞ ከማለዳ እስከ ማታ ይጠብቃል፤ ወፍ የማይደፍረውን መራራ ዘንጋዳም የሚዘራበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የወፍ ጠባይ በዘር ምርጫው ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ይህ ዕውቀት የዱር አራዊት ትምህርት ካልሆነ ሌላው ምን ሊሆን ነው?

፮. መደምደሚያ

ከዚህ በላይ የተናገርነውን ባጭሩ ስንሰበስበው፥ አገርን በትልልቅ አኃዝና በብርቅ አራዊት ብቻ የሚያስተምር መጽሐፍ ሁለት ነገር ያጠፋል። አንደኛ፥ ያልተለካ ደን ተመንጥሯል ብሎ በገበሬው ላይ ይፈርዳል፤ ፍርዱም በእርከን፣ በክልልና በሰፈራ ተፈጻሚ ሆኖ አይተናል። ሁለተኛ፥ በደጁ ያለውን አውሬ ለተማሪው ስለማያሳየው፣ ተማሪው የአገሩን መሬት ያለቀለት አድርጎ እንዲያይ ያደርገዋል። ያለቀለት ነው ያለውን መሬት ደግሞ ማንም ለመጠበቅ አይደክምም።

ስለዚህ ወደፊት በሚዘጋጁ መጻሕፍት ሦስት ነገር እንዲደረግ እናሳስባለን። ማንኛውም አኃዝ ሲጻፍ ማን፣ መቼና በምን ትርጕም እንደለካው አብሮ ይጻፍ፤ ከ4,620 ሜትር በታች መሆኑ በኋለኛው ልኬት የታወቀው የራስ ደጀን ከፍታ እንኳ በብዙ መጻሕፍት እስከ ዛሬ አለመታረሙ ምን ያህል ተቀባብለን እንደምንጽፍ ያሳያል። ዛፍና ደን፣ ደንና ቁጥቋጦ ይለዩ። እያንዳንዱ አውራጃና ወረዳም የራሱ ወንዝ፣ የራሱ ዝናብ፣ የራሱ አውሬ በስሙ ይጻፍለት።

ይህን ሥራ ከሩቅ የሚመጣ ሊቅ ብቻ እንዲሠራው መጠበቅ የለብንም። በወልድያ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ በመርሳ የግብርና ትምህርት ይሰጣል፤ በስሪንቃ የማሽላ ምርምር ይካሄዳል። በበልግና በክረምት መካከል ባለው ዕረፍት ወደ ቤቱ የሚሄድ ተማሪ ሁሉ በሰፈሩ ያለውን የአንድ ኮረብታ ዛፍ ስሙን እየጠራ ቢቆጥር፣ አባቱንና አያቱን ጠይቆ የቀድሞውን ቢጽፍ፣ ከ10 ዓመት በኋላ ስለ ሀብሩ የሚናገር ሰው አርባ በመቶ ከማለቱ በፊት የሚያየው መዝገብ ይኖረዋል።